ፊደል የቈጠረው ሊቅ፤ የአንድሬይ ማርኮቭ የሕይወት ታሪክ

በአገራችን አነጋገር ፊደል ቈጠረ ማለት ማንበብና መጻፍ ተማረ ማለት ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ታሪኩን ልናቀርብላችሁ ያሰብነው ሰው ግን ፊደልን በእውነት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የቈጠረ ሰው ነው። ከአንድ ታላቅ የግጥም መጽሐፍ ላይ 20,000 ፊደላት አንድ በአንድ ለቅሞ ቈጠረ። ይህን ያህል ድካም ለምን ደከመ? ከዚያስ ድካም ለእኛ ዘመን ምን ተረፈ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በዐቅማችን መመለስ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ መጽሐፍ የያዘ ሰው የሚፈልገውን ቃል ገጽ እየገለጠ በዓይኑ ፈጥኖ ሊያገኝ ይችላል። የተቀዳ ድምፅ ግን እንዲህ አይገለጥም። ዐሥር ሰዓት በሚፈጅ ንግግር ውስጥ አንድ የሰው ወይም አንድ የመንደር ስም የት ላይ እንደ ተጠራ ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ ዐሥሩን ሰዓት ተቀምጦ ማዳመጥ ግድ ይሆንበት ነበር። የአያቶቻችን ትረካ፣ የሠርግና የሽምግልና ንግግር የተቀዳባቸው ካሴቶች በየቤቱ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ምኑ የት እንዳለ ስለማይታወቅ ቍልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ሆነው ይቀመጣሉ። ዛሬ አንድ ቃል ሲሰጡት ረጅሙን ድምፅ በጥቂት ጊዜ መርምሮ፣ ቃሉ የተነገረበትን ደቂቃና ሴኮንድ የሚያመለክት የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። የዚህን ጥበብ ሥር ስንመረምር ከምናገኛቸው ሊቃውንት አንዱ፣ ኮምፒዩተር ከመሠራቱ በፊት የሞተው የሩስያው የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ማርኮቭ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልደቱና የተማሪነቱ ዘመን

አንድሬይ አንድሬየቪች ማርኮቭ በ1856 ዓ.ም. ጁን 14 ቀን ከሞስኮ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በርያዛን ከተማ ተወለደ። አባቱ በደን መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር። በኋላም ቤተ ሰቡ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተዛውሮ፣ አባቱ ቫልቫትየቫ የተባለች የአንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ርስት አስተዳዳሪ ሆነ።

ሕፃኑ አንድሬይ ጤና አልነበረውም። ጕልበቱ ታሞ ስለ ነበር እስከ ዐሥር ዓመቱ ገደማ የሚሄደው በምርኵዝ እየተደገፈ ነው። እኩዮቹ ሲሮጡ እርሱ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። በ1866 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ወደሚገኘው ወደ አምስተኛው ጂምናዚየም ገባ፤ ይህም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያም ከሒሳብ በቀር በሌሎቹ ትምህርቶች እምብዛም የሚመሰገን ተማሪ አልነበረም። በሒሳብ ግን ማንም አይደርስበትም ነበር። ገና ተማሪ ሳለ አዲስ የሒሳብ መፍቻ መንገድ ያገኘ መስሎት ጽፎ ለታወቁ ሊቃውንት ላከ። ሊቃውንቱም መንገዱ ከእርሱ በፊት የታወቀ መሆኑን ነገሩት፤ ሆኖም የልጁን ተሰጥዎ ስላዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሱትም። ሥራው አዲስ ባይሆንም የድፍረቱ ዋጋ አልጠፋበትም።

በ1874 ዓ.ም. ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከፓፍኑቲ ቼቢሼቭ ዘንድ ተማረ። በ1878 ዓ.ም. ትምህርቱን ሲፈጽም የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1884 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ፤ በ1886 ዓ.ም. የሳይንስ አካዳሚው አባል እንዲሆን ተመረጠ፤ በ1896 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሙሉ አባልነት ከፍ አለ።

ስለ ጋብቻውም ጥቂት እንናገራለን። አባቱ ርስቷን ያስተዳድርላት የነበረችው ወይዘሮ ማሪያ የምትባል ልጅ ነበረቻት፤ ማርኮቭም ሒሳብ ያስጠናት ነበር። በኋላ ሊያገባት በፈለገ ጊዜ እናትየው የአስተዳዳሪዬ ልጅ ማዕረጉ ከፍ እስኪል ድረስ ልጄን አልሰጥም ብላ ከለከለች። እርሱም ታግሦ፣ ሠርቶና ተመርቆ በ1883 ዓ.ም. አገባት። ከእነርሱም በ1903 ዓ.ም. የተወለደው ልጃቸው እንደ አባቱ አንድሬይ ተብሎ፣ እንደ አባቱም የታወቀ የሒሳብ ሊቅ ሆኗል።

ክርክሩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ሳንቲም ወደ ላይ ስንወረውር ወይ ዘውድ ወይ ጎፈር ይወጣል። ዐሥር ጊዜ ብንወረውር ሰባቱ ዘውድ ሊሆን ይችላል፤ ዐሥር ሺህ ጊዜ ብንወረውር ግን የዘውዱ ድርሻ ወደ ግማሽ እየቀረበ ይሄዳል። ይህን በሒሳብ ማስረጃ ያረጋገጠው የስዊሱ ሊቅ ያዕቆብ በርኑሊ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1713 ዓ.ም. ነው። ይህም የብዙ ቍጥሮች ሕግ ይባላል። ሳንቲሙ ትናንት ምን እንደ ወጣ አያስታውስም፤ እያንዳንዱ ውርወራ ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም።

በዚያ ዘመን ፓቬል ኔክራሶቭ የተባለ የሞስኮ የሒሳብ መምህር ነበር። እርሱም በ1902 ዓ.ም. እንዲህ ሲል ተከራከረ። የብዙ ቍጥሮች ሕግ የሚሠራው ነገሮች እርስ በርሳቸው ሳይተሳሰሩ ሲቀሩ ብቻ ነው፤ በአንድ አገር በየዓመቱ የሚፈጸመው ጋብቻና ወንጀል ቍጥሩ ከዓመት ዓመት እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ የሰዎች ሥራ እርስ በርሱ ያልተሳሰረ ነው ማለት ነው፤ እንግዲያውስ ሰው ነጻ ፈቃድ እንዳለው በቍጥር ተረጋገጠ አለ።

ማርኮቭ ይህን ባነበበ ጊዜ ተቈጣ። የሰው ልጅ ነጻ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ በእርሱ ዐይን የሒሳብ ጥያቄ አልነበረም። ያስቈጣው የተሳሳተ ሒሳብ የእውነት ምስክር ሆኖ መቅረቡ ነው። እኛም በትምህርታችን ሰው ነጻ ፈቃድ ያለው ፍጡር መሆኑን እየሰማን ያደግን ስለሆንን፣ የኔክራሶቭ መደምደሚያ ደስ ሊያሰኘን ይችላል፤ ነገር ግን መልካም መደምደሚያ መጥፎ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ማርኮቭ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ነገሮችም ለዚሁ ሕግ እንደሚገዙ በ1906 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፍ አስረዳ። አሳቡን በክረምታችን ምሳሌ እንግለጠው። ዛሬ ዝናብ ከዘነበ ነገም የመዝነቡ ዕድል ብዙ ነው፤ ዛሬ ፀሓይ ከሆነ ነገም ፀሓይ መሆኑ ይቀላል። እንግዲህ ቀኖቹ እንደ ሳንቲሙ ውርወራ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይስባል። ይሁን እንጂ ይኸው አካሄድ ሳይለወጥ ብዙ ቀን ቢቈጠር የዝናቡ ቀን ድርሻ በአንድ ቍጥር አጠገብ ይረጋል። የነገው ነገር በዛሬው ላይ ብቻ የሚመሠረትበት እንዲህ ያለው ተከታታይ ዛሬ በዓለም ሁሉ የማርኮቭ ሰንሰለት ተብሎ ይጠራል።

ጠባዩ

ማርኮቭ በቀላሉ የሚታረቅ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቁትም ሰዎች ቁጡው አንድሬይ እያሉ ይጠሩት ነበር። በ1902 ዓ.ም. ጸሐፊው ማክሲም ጎርኪ ለአካዳሚው የክብር አባልነት ከተመረጠ በኋላ ምርጫው በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በተሰረዘ ጊዜ፣ ማርኮቭ ተቃውሞውን በግልጽ አቀረበ። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አባልነት እንዲሰረዝ ራሱ በጽሑፍ ጠየቀ። በዚህ እኛ ከእርሱ ጋር አንስማማም፤ ነገር ግን በልቡ አንድ ነገር ይዞ በአፉ ሌላ የሚናገር ሰው እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን። በ1913 ዓ.ም. የሩስያ ነገሥታት የመንግሥታቸውን ሦስት መቶኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ እርሱ የብዙ ቍጥሮች ሕግ የታተመበት ሁለት መቶኛ ዓመት እንዲከበር አደረገ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ግን አንዱን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን። በ1908 ዓ.ም. በተማሮች ዘንድ ሁከት ተነሥቶ ስለ ነበር የዩኒቨርሲቲው መምህራን ተማሮቻቸውን እየተከታተሉ እንዲቈጣጠሩ መንግሥት አዘዘ። ማርኮቭ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ እንጂ የመንግሥት ወኪል ሆኜ ተማሮቼን አልጠብቅም በማለት እምቢታውን በጽሑፍ አስታወቀ። በዚህም ምክንያት ከማስተማር ተገልሎ ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። ወደ መምህርነቱ የተመለሰው በ1917 ዓ.ም. ከየካቲቱ አብዮት በኋላ ነው።

ሃያ ሺሁ ፊደላት

በ1913 ዓ.ም. ጃንዋሪ 23 ቀን ማርኮቭ በአካዳሚው ጉባኤ ፊት ቀርቦ አዲስ ነገር አሳየ። ሰንሰለቱ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በእውነተኛ ነገር ላይ እንደሚገኝ ለማስረዳት የሩስያ ቋንቋን መረጠ፤ ከቋንቋውም የአሌክሳንድር ፑሽኪንን የግጥም ልብ ወለድ ዬቭጌኒ ኦኔጊንን መረጠ።

ፑሽኪን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስም አይደለም፤ በአዲስ አበባም በስሙ የሚጠራ አደባባይ አለ። ቅድመ አያቱ አብርሃም ጋኒባል በሕፃንነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ለታላቁ ጴጥሮስ ቀረበ፤ በኋላም የጦር መሐንዲስና ጄኔራል እስከ መሆን ደረሰ። አገሩ ከወደ ሐበሻ ምድር ነው እየተባለ ለብዙ ዘመን ተነግሯል፤ ከቻድ ሐይቅ አጠገብ ካለው ከሎጎን አገር ነው የሚሉ ተመራማሮችም አሉ።

ማርኮቭ የመጽሐፉን አንደኛ ምዕራፍና ከሁለተኛው ምዕራፍ ዐሥራ ስድስት አንጓዎች ወሰደ። በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታና ነቍጣውን ሁሉ ትቶ፣ የራሳቸው ድምፅ የሌላቸውንም ሁለት የሩስያ ምልክቶች ትቶ፣ የቀሩትን 20,000 ፊደላት በተከታታይ ጻፋቸው። ከዚያም ዐሥር በዐሥር በሆኑ 200 አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ አናባቢውንና ተነባቢውን በእጁ ቈጠረ። አናባቢው 8,638፣ ተነባቢው 11,362 ሆነ።

እንግዲህ ከመቶ ፊደል 43 ያህሉ አናባቢ ነው። ፊደላቱ እንደ ሳንቲም ውርወራ የማይተሳሰሩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ሁለት አናባቢ ተከታትሎ የሚገኝበት ስፍራ 3,700 ያህል ይሆን ነበር። ማርኮቭ ቈጥሮ ያገኘው ግን 1,104 ብቻ ነው። ከአናባቢ ቀጥሎ ሌላ አናባቢ የሚመጣው ከመቶ 13 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ከተነባቢ ቀጥሎ አናባቢ የሚመጣው ከመቶ 66 ጊዜ ያህል ነው። በዚህም አንዱ ፊደል ቀጥሎ የሚመጣውን እንደሚስብ፣ ቋንቋም ሰንሰለት መሆኑን በቍጥር አሳየ። በኋላም ከሰርጌይ አክሳኮቭ መጽሐፍ 100,000 ፊደላት ወስዶ እንዲሁ ቈጠረ።

የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አጣምሮ ስለሚጽፍ ይህን መተሳሰር ለልጅነታችን ዐይን አስለምዶታል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ስንል የሰንሰለቱን ሁለት ቀለበቶች አንድ ላይ መጥራታችን ነው።

የመጨረሻው ዘመን

በ1917 ዓ.ም. መጸው ማርኮቭ አካዳሚው ወደ አገር ውስጥ እንዲልከው ጠየቀ፤ እርሱም ከነቤተ ሰቡ ዛራይስክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። በዓለም የታወቀው ሊቅ በዚያ ረኃብ በበዛበት ክረምት፣ በከተማይቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ ሒሳብ አስተማረ። ይህን ስናነብ በእንዲህ ያለ የበዓል መጽሔት ላይ ስሙ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን ይበልጥ አመንን።

ወደ ፔትሮግራድ ከተመለሰ በኋላ ዐይኑን ታሞ ተቀደደ። ችግሩም ጸንቶበት፣ በ1921 ዓ.ም. ጫማ ስለሌለው ወደ አካዳሚው ስብሰባ መምጣት እንዳልቻለ አስታወቀ። ጫማ በተሰጠውም ጊዜ ስፌቱ የተበላሸና በልኩ ያልሆነ መሆኑን ሳይደብቅ ተናገረ። በዚህ ሁሉ መካከል መቆም እስኪያቅተው ድረስ ማስተማሩን አልተወም። በመጨረሻም እግሩን ከተቀደደ በኋላ ደሙ ተመርዞ በ1922 ዓ.ም. ጁላይ 20 ቀን በ66 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሰንሰለቱ ወደ ድምፁ

ማርኮቭ የቈጠረው የተጻፈ ፊደል ነበር። የተነገረ ቃል ግን ፊደሉ አይታይም፤ የሚሰማው የአየር ሞገድ ብቻ ነው። ታዲያ ሰንሰለቱ ከድምፅ ጋር እንዴት ተገናኘ?

በ1948 ዓ.ም. አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ስለ መልእክት ማስተላለፍ በጻፈው ታላቅ ጥናት፣ የማርኮቭን ሰንሰለት ለእንግሊዝኛ ጽሕፈት አዋለው። በ1960ዎቹ ዓመታት ሌኦናርድ ባውምና ጓደኞቹ የሰንሰለቱ ቀለበቶች ተሰውረው ምልክታቸው ብቻ ሲገኝ እንዴት እንደሚሰላ መንገዱን አበጁ። ይህም የተሰወረ የማርኮቭ ሞዴል ይባላል። በ1970ዎቹ ዓመታት ጄምስ ቤከር በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ፣ ፍሬደሪክ ጄሊኔክም በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሳሉ፣ ይህን መንገድ የሰውን ንግግር ለማወቅ አዋሉት።

ነገሩ ከባድ ቢመስልም በየቤታችን የምናደርገው ነው። ከግድግዳ ማዶ ያለች ጎረቤት ቡና ስታፈላ አናያትም እንበል። መጀመሪያ የውሃና የእጥበት ድምፅ እንሰማለን፤ ቀጥሎ በምጣድ ላይ የሚንቀጫቀጭ ነገር፤ ቀጥሎም የሙቀጫ ድምፅ። ድምፁ ደብዛዛ ቢሆን እንኳ ከቈላች በኋላ ትወቅጣለች፣ ከወቀጠች በኋላ ጀበናውን ትጥዳለች ብለን ሥርዐቱን ስለምናውቅ፣ በምን ላይ እንደ ደረሰች በግምት እንናገራለን። ሥራዋ ተሰውሯል፤ ድምፁ ግን ይመሰክራል። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ ነው። የሰማውን ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መቶ ያህል ጊዜ ይመረምራል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የትኞቹ ቀጫጭንና ወፋፍራም ሞገዶች እንደ በረቱ ይለካል። ከዚያም ይህ ልክ ከየትኛው ተነባቢ ወይም አናባቢ ጋር እንደሚስማማና የቱ ከየቱ ቀጥሎ ሊመጣ እንደሚችል በማገናዘብ የተሰወረውን ሰንሰለት ይገምታል።

አንድ ቃል ብቻ ለመፈለግ ደግሞ ሁለት ሰንሰለቶች ይዘጋጃሉ። አንደኛው የሚፈለገው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ማናቸውንም ሌላ ንግግር የሚወክል ነው። ፕሮግራሙ ድምፁን እየተከተለ ሁለቱን በሚዛን ያስቀምጣል፤ የቃሉ ሰንሰለት ከተወሰነ ልክ በላይ ሲከብድ ቃሉ እዚህ ላይ አለ ብሎ ጊዜውን ይጽፋል። ልኩን መወሰን እንደ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሥራ ነው። ዘበኛው እጅግ ከጠበቀ እውነተኛውን ተማሪ ይመልሳል፤ እጅግ ከላላ ባዕዱን ያስገባል። ፕሮግራሙም እንዲሁ ወይ የተነገረውን ቃል ያልፈዋል፣ ወይ ያልተነገረውን ተነገረ ይላል። ስለዚህ የተገኘውን ስፍራ ሰው በጆሮው ማረጋገጥ ያስፈልገዋል። አጭር ቃል ከረጅም ቃል ይልቅ ያሳስታል፤ በር የሚለውን ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም በርበሬና በርሜል በተባለ ቍጥር ሊሰናከል ይችላል።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ነርቭን መስለው የተሠሩ የኮምፒዩተር መረቦች የድሮውን ስሌት በብዙ ቦታ ተክተውታል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ንግግሩ በሙሉ በፕሮግራም ወደ ጽሕፈት ይለወጥና ቃሉ ከጽሕፈቱ ውስጥ ይፈለጋል። ሆኖም አዲሱም ጥበብ የሚሠራው፣ ካለፈው ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን በመገመት ነው።

ቃል ፍለጋው በአማርኛ

በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ባቤል የሚባል የምርምር ሥራ ተጀመረ። ዓላማውም ብዙ የተዘጋጀ ድምፅና ጽሕፈት በሌላቸው ቋንቋዎች በተቀዳ የስልክ ንግግር ውስጥ የተፈለገ ቃል የሚያገኝ መሣሪያ በፍጥነት መሥራት ነበር። ለዚህ ከተመረጡት ከሃያ በላይ ቋንቋዎች ውስጥ ስዋሂሊ፣ ዙሉ፣ ኢግቦና አማርኛ ይገኙባቸዋል።

አማርኛ ለእንዲህ ያለው ፍለጋ የራሱ ጠባይ አለው። ሰበረ የሚለው አንድ ግሥ ሰበሩ፣ ይሰብራል፣ ተሰበረ፣ አሰባበረ፣ ስብራት እየሆነ ይለዋወጣል፤ ቤት የሚለውም ስም በቤታችን፣ ከቤቱ፣ ለቤቶቻቸው ይሆናል። ስለዚህ ፈላጊው አንድ ቃል ብቻ ሳይሆን ከአንድ ሥር የወጡትን ቤተ ዘመዶች ሁሉ ማሰብ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ጆሮ ከዐይን የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ገና የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር ያልደረሰ ነገር ነው፤ ጠብቆ ሲነገር የልደት በዓል ነው። አለ የሚለውም ላልቶ ተናገረ ማለት ሲሆን ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም፤ በድምፁ ላይ ግን ልዩነቱ ተቀርጿል።

ጆሮና ሕሊና

አሁን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን ወደ ለመንነው ነገር እንመለስ። የባቤልን ሥራ ወጪ የሸፈነው የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች የምርምር ክፍል ነው። ይህን የምንናገረው ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ነገሩ ሁለት ፊት ያለው መሆኑን ለማስረዳት ነው። የአያታችንን ትረካ መርምሮ የጥንት መንደራችንን ስም የሚያገኝልን ፕሮግራም፣ ሰው በስልክ የተናገረውንም መርምሮ ያልተወደደ ቃል ሊያገኝበት ይችላል። ድሮ አንድ ሰላይ ሊያዳምጥ የሚችለው አንድ ሰው ነበር፤ ይህ መሣሪያ ግን የብዙ ሺህ ሰዎችን ንግግር ሊፈትሽ ይችላል።

በተማሮቹ ላይ ጆሮ ለመሆን እምቢ ብሎ ሥራውን የለቀቀው መምህር፣ ያገኘው ሒሳብ ለጆሮ መሥሪያ እንደሚሆን አላወቀም። ሊያውቅም አይችልም ነበር፤ ከፊቱ የነበረው ክርክርና አንድ የግጥም መጽሐፍ ብቻ ነው። የእውቀት ነገር እንዲህ ነው። ያገኘው ሰው ከሞተ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፤ መንገዱን የሚመርጡለት በኋላ የሚመጡት ሰዎች ናቸው። ማርኮቭ ሒሳቡን ብቻ ትቶልን ቢሄድ ኖሮ ግማሹን ብቻ በወረስን ነበር። በ1908 ዓ.ም. የጻፈው እምቢታም የውርሱ ሌላው ግማሽ ነው።

እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች አንዳንዶቻችን ወደ ሕግ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሕክምና፣ አንዳንዶቻችንም ወደ ኮምፒዩተር ሙያ ልንሄድ እናስባለን። ለአማርኛና ለሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ቃል ፈላጊ ፕሮግራም የሚሠራ ከመካከላችን ቢነሣ ደስታችን ወሰን የለውም። እርሱም በሚሠራበት ጊዜ ይህ ጆሮ የማን ነው፣ ተናጋሪውስ ፈቅዷል ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ከአሁኑ አደራ እንላለን።

ታናናሾቻችንን ደግሞ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ሥራ እናመለክታቸዋለን። በቤታችሁ ያሉትን የቈዩ ካሴቶች ከትቢያ አንሥታችሁ፣ ማን፣ መቼ፣ የት፣ በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ ጻፉባቸው። በሕይወት ያሉትን አረጋውያን አስፈቅዳችሁ፣ ጫጫታ በሌለበት ስፍራ ንግግራቸውን ቅዱ። ፕሮግራም ምንም ቢራቀቅ ያልተቀዳ ድምፅ ሊፈልግ አይችልም፤ አያቶቻችንም አንድ ቀን ዝም ይላሉ። ሃያ ሺህ ፊደል በእጁ የቈጠረ ሰው ታሪክ ለእኛ ለወጣቶች የሚያስተምረው ትዕግሥት እንግዲህ ከዚህ ይጀምር።